የመጋዘን አያያዝ ትምህርት፦ ያለው፥ ቃል የተገባበትና የሚመጣው

በእህል መጋዘን የሚሠራ ስሕተት ብዙውን ጊዜ እዚያው መጋዘኑ ውስጥ አይታወቅም። የሚታወቀው በእደላው ቀን፥ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የመጣች እናት ባዶ ማዳበሪያዋን ይዛ ስትመለስ ነው። ስለዚህ የመዝገብ ሥራ የወረቀት ሥራ ብቻ አይደለም።

1. ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን

ነጋዴ ደንበኛ አለው፤ የእርዳታ መጋዘን ደንበኛ የእደላ ጣቢያው ነው። ጣቢያው የተረጂዎቹን ቁጥር፥ የእህሉን ዓይነትና መጠን፥ የሚፈለግበትንም ቀን ጽፎ ያቀርባል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ዕቃ የሚጠየቀው በሞዴል 20፥ ገቢ የሚሆነው በሞዴል 19፥ ወጪ የሚሆነው በሞዴል 22 ነው። ያለ እነዚህ ወረቀቶች አንድ ማዳበሪያ እንኳ ከበር አይውጣ፤ አይግባም። ገቢና ወጪው በዚያው ዕለት በካርዱ ላይ ተመዝግቦ ከወጪ ቀሪው ይሰላ።

2. ሦስቱን ቁጥሮች ለዩ

ካርዱ የሚያሳየው በእጅ ያለውን ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ተፈቅዶ ገና ያልወጣ አለ፤ ታዞ ገና ያልደረሰም አለ። በእጅ ካለው ላይ የተፈቀደውን ቀንሱ፥ በመንገድ ያለውን ደምሩ፤ ውሳኔ የሚሰጠው በዚህ ውጤት ላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ጣቢያ 2,000 ተረጂዎች አሉት እንበል። በአገራችን እደላ በተለመደው ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢሰጥ በወር 300 ኩንታል ያስፈልጋል። በመጋዘኑ 700 ኩንታል አለ፤ አዲስ የታዘዘ የለም። ዓይን ሲያየው ብዙ ነው። ነገር ግን 300ው ለዛሬው እደላ ተፈቅዷል፤ ነጻ የሆነው 400 ብቻ ነው። የሚቀጥለው ወር እደላ ሲወጣ 100 ይቀራል።

3. ሳያልቅ እዘዙ

አዲስ እህል ለመድረስ 6 ሳምንት የሚፈጅ ከሆነ በዚያ ጊዜ 450 ኩንታል ይወጣል። ለመዘግየት መጠባበቂያ 150 ጨምሩበት። እንግዲህ ቁጥሩ 600 ሲደርስ ትእዛዝ መላክ አለበት፤ በምሳሌያችን 400 ላይ ነንና ዛሬውኑ ይታዘዝ። 3 ሳምንት ብንዘገይ እህሉ የሚደርሰው ከሦስተኛው እደላ በኋላ ነው። በዚያ ቀን 200 ኩንታል ይጎድላል፤ ከ1,300 የሚበልጡ ሰዎች ድርሻቸውን ያጣሉ።

መጠባበቂያ ትርፍ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በረሀቡ ጊዜ እህል አሰብ ወደብ ደርሶ ሳለ ማጓጓዣ በማነሱ በዚያው ተከማችቶ ነበር። ዛሬም ከባሕር ማዶ የሚመጣው አብዛኛው እህል ከጅቡቲ ረጅም መንገድ ይጓዛል።

4. ቁጠሩ፥ ጠብቁ

ማዳበሪያዎች በእንጨት ርብራብ ላይ፥ ከግድግዳ 1 ሜትር ያህል ርቀው በእኩል ረድፍ ይደርደሩ፤ እንዲህ ሲሆን መቁጠርም ነቀዝና አይጥ መከላከልም ይቀላል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ፤ እንደ ፋፋ ያለ የተወሰነ ጊዜ ያለው ምግብ ግን ቀኑ የቀረበው ይቅደም። በየወሩ ከግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሌላ ሁለተኛ ሰው ባለበት ይቆጠር። ጉድለት ከተገኘ ምክንያቱ ይጻፍ እንጂ ካርዱ ተፍቆ አይስተካከል። የተቀደደና የረጠበ ማዳበሪያም ለብቻው ተመዝኖ ይመዝገብ። ሐቀኛ ቆጠራ ለሰጪውም ለተቀባዩም፥ ለኃላፊውም ለራሱ መከላከያ ነው።

ለውይይት

ሀ. በመጋዘናችሁ ካለው ውስጥ ተፈቅዶ ያልወጣው ስንት ነው?
ለ. ትእዛዝ ከተላከ በኋላ እህል እስኪደርስ ባለፉት ሦስት ጊዜያት ስንት ቀን ፈጀ?
ሐ. የመጨረሻው ቆጠራ መቼ ተደረገ? ከካርዱስ ጋር ተስማማ?