የእናትሽ ወጥ በሱወይዲ ኩሽና

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ምግብ ነው። ርዕሱን ስታዪ «ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር የምውለውን ሴት ደግሞ ምግብ ልታስተምሩኝ ነው?» ብለሽ ሳትስቂ አትቀሪም። እውነትሽን ነው። ለ12 እንግዳ ከብሳ ማውጣት፣ በረመዳን ሳምቡሳ በመቶ መጠቅለል ለአንቺ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ የምንነጋገረው ግን ለሌላ ሰው ስለምታቀርቢው ማዕድ ሳይሆን አንቺ ራስሽ ስለምትበዪው ነው።

ከመካከላችን ብዙዎች ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከጅማና ከአርሲ የወጡት ገና በልጅነታቸው ነው። በአገር ቤት ልጅ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እሳት ታቀጣጥላለች፤ ቁሌቱን ግን እናት ለማንም አትለቅም። ስለዚህ ልጅቱ ዋናውን ሙያ ሳትይዝ አውሮፕላን ትሳፈራለች፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዋን የሠራችው የመጀመሪያ ምግብም ከብሳ ይሆናል። ከ6 እና ከ7 ዓመት በኋላ አገሯ ስትገባ ዘመድ ተሰብስቦ ዶሮ ወጧን ይጠብቃል፤ እሷ ግን ጎረቤት ትለምናለች። ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። የቤቱን ሰው አብልታ የምትጨርስ ሴት የራሷን ምግብ በተረፈ ሩዝ፣ በዳቦና በሻይ ትገፋዋለች። ጾም ሲገባ ደግሞ ሩዙ በሥጋ መረቅ የተሠራ ስለሆነ ዳቦና ሻይ ብቻ ይቀራል። እንዲህ እየበሉ ደረጃ መጥረግና ምንጣፍ ማጠብ ለጊዜው ቢቻልም እየዋለ እያደረ ጉልበት ይከዳል።

እንግዲህ ልናስጨብጥሽ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የአገር ቤት ጣዕም ያለው ከእህሉ ይልቅ በአሠራሩ ውስጥ ነው። ሊጡ ይቦካል፣ ሽንኩርቱ ሳይቸኮል ይበስላል፣ ጥራጥሬው ይቆላል። እነዚህን ሦስቱን ካወቅሽ በሱወይዲ በቃላ የሚሸጠው ነገር አብዛኛውን ይበቃሻል።

እንጀራ ያለ ጤፍ

ጤፍ በሪያድ ሲገኝ ውድ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይገኝም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 እ.ኤ.አ. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሎ ነበር፤ በኋላ ክልከላው በከፊል ላልቷል። የተጋገረው እንጀራ ግን ያን ጊዜም መላኩ አልቀረም። ይሁንና «ጤፍ ካልሆነ እንጀራ አይባልም» የምትል ሴት ከወሎ ቆላ ወይም ከሐረርጌ ያልመጣች መሆን አለባት። እዚያ የማሽላ እንጀራ ነው ልጅ የሚያሳድገው። በጎጃምም ዳጉሳ ከጤፍ ጋር ይቀላቀላል።

ዓረቦቹም ቢሆኑ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደሉም። የየመን ሰዎች ላሆህ የሚሉት፣ አቦክተው በአንድ ጎኑ ብቻ የሚጋግሩት ዓይናማ ቂጣ ከእንጀራችን ጋር ዘመድ ነው። ሱዳኖች ከማሽላ ኪስራ ይጋግራሉ። በሳዑዲ ደቡብ፣ በጂዛን አካባቢ፣ ማሽላ ይመረታል። ዱረ ረፊዓ ብለሽ ጠይቂ፤ ማሽላ ነው። ዱኽን ካሉሽ ደግሞ ከዳጉሳ ጋር የሚቀራረብ ጥቃቅን እህል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 2 ኩባያ የማሽላ ዱቄትና 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት በለብታ ውኃ በጥብጪ። እርሾ ከሌለሽ ከዳቦ እርሾ ቁንጥር ታህል ጨምሪ፤ ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ግን ከራስሽ ሊጥ የቀረውን በብርጭቆ ፍሪጅ ውስጥ አኑሪ። ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይ ከላይ ውኃ ያቀራል፤ እሱን ቀስ ብለሽ አፍስሺ። ከሊጡ አንድ ኩባያ ወስደሽ በሦስት ኩባያ ውኃ እያማሰልሽ እስኪወፍር አፍዪው፤ አብሲቱ ይህ ነው። ሲበርድ ወደ ሊጡ መልሺና ኩፍ እስኪል ጠብቂ። የማይዝ መጥበሻ ላይ ዘይት ሳትቀቢ ከዳር ወደ መሐል አፍስሺ፤ ዓይን ሲያወጣ ክደኚ፤ ጠርዙ ሲነሣ አውጪ። አይገለበጥም።

ሁለት ነገር ልብ በዪ። ስንዴ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር በውስጡ አለው፤ ጤፍና ማሽላ ግን የላቸውም። ስለዚህ ስንዴ ያለበትን ሊጥ ብዙ ከመታሽው እንጀራው ጎማ ይሆንብሻል። ሁለተኛው የሪያድ አየር ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ውጭው ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ቤቱ ግን በኮንዲሽን ይቀዘቅዛል። መስኮት አጠገብ ያስቀመጥሽው ሊጥ በአንድ ቀን ሲኮመጥጥ፣ መኝታ ክፍል ያስገባሽው በሦስተኛው ቀንም ላይነሣ ይችላል። ቀን ከመቁጠር ይልቅ አረፋውን እይ፣ አሽትቺ።

ቁሌትና ቅመም

የእናትሽ ወጥ ምሥጢር ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርቱን አድቅቀሽ ክተፊና በደረቅ ድስት፣ ያለ ዘይት፣ በትንሽ እሳት ለግማሽ ሰዓት ያህል አብስዪ፤ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውኃ ጣል አድርጊ። ከዚያ ዘይት፣ ከዘይቱ በኋላ በርበሬ፤ በርበሬውንም ጠብ ጠብ በሚል ውኃ ሌላ ሩብ ሰዓት አቁላዪ። የቸኮለች ሴት ወጥ ከሩቁ ይታወቃል፤ ጥሬ ሽንኩርት ይሸታል፣ ቃር ያስነሣል። ዕረፍት ስታገኚ 2 ወይም 3 ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ አቁላልተሽ በትንንሽ ላስቲክ ፍሪዘር ውስጥ ብታኖሪ፣ በሥራ ቀን ምስር ወጥ ለማድረስ ምስሩ እስኪበስል ብቻ ነው የምትጠብቂው።

ቅመሙን የምታገኚው ዐጣር ቤት፣ ማለት ቅመም ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። ስሙን ካወቅሽ አትቸገሪም። ጥቁር አዝሙድ ሐባ ሶዳ፣ አብሽ ሑልባ፣ ድንብላል ኩዝባራ፣ እርድ ኩርኩም ይባላል። ከሙንና ዝንጅብል በዓረብኛውም ስማቸው አልራቀም። ቅርንፉድን የሪያድ ሰዎች ሚስማር ይሉታል፤ ቅርጹን ላየ ሰው ስሙ አይደንቀውም። የሚያስቸግረው ኮረሪማ ነው። ሄል የሚሉት ለቡናቸው የሚጨምሩት አረንጓዴ ቅመም ዘመዱ ቢሆንም ጣዕሙን አይተካውም። ስለዚህ ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመሽ ኮረሪማ አስልኪ።

ሽሮ ካለቀብሽ በሕንዶች ሱቅ በሰን የሚባል የሽምብራ ዱቄት አለ። የኛ ሽምብራ ተቆልቶ ነው የሚፈጨው፤ በሰን ግን ከጥሬው የተፈጨ ስለሆነ እንዳለ ብትሠሪው ጥሬ ጥሬ ይላል። በደረቅ መጥበሻ በትንሽ እሳት እያማሰልሽ ቆሎ ቆሎ እስኪሸት አምሺው፤ ከዚያ በቁሌትሽ ላይ በትኚ።

ለቁርስ የሚሆን ነገርም እዚያው ከዓረቡ ጓዳ አለ። ጀሪሽ የሚሉት የተከካ ስንዴ የኛው ቅንጬ ነው። ሳዑዲዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ምግባችን ብለው ሰይመውታል። እነሱ ብዙ ጊዜ በእርጎ ይሠሩታል፤ አንቺ በውኃና በጨው ቀቅለሽ በዘይት ማሸት ትችያለሽ። የደቡቦቹ ዐሲዳም ገንፎ ነው። ቡናውማ የራሳችን ነው፤ ሐረሪ የሚሉት ከሐረር፣ ሉቅማቲ የሚሉት ከነቀምቴ በተጠራ ስም የሚሸጥ ነው። ጥሬውን ገዝተሽ እንደ ልማድሽ ቁዪው።

ፈቃድ ስለ መጠየቅ

ኩሽናው የአንቺ አይደለም። ይህን ሳንዘነጋ ነው የምንጽፈው። ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት የሚበላው ነገር ባስጨነቀው ጊዜ አላኮረፈም፣ ተደብቆም አላበሰለም። ኃላፊውን በትሕትና ጠየቀ፤ የፈተናውንም ጊዜ 10 ቀን ብሎ ወሰነ (ዳን. ምዕ. 1)። አንቺም ሰዓቱን አሳጥረሽ ጠይቂ፤ «ማማ፣ ዓርብ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ለራሴ ላብስል?» በዪ። ጭስ የሚስበውን ሸፋጥ ክፈቺ፣ የኩሽናውን በር ዝጊ፤ አስም ያለበት ልጅ በቤቱ ካለ በርበሬ አታቁላዪ፣ አልጫ ይሻላል። አንድ ጊዜ ካቀመስሻቸው ራሳቸው የሚጠይቁሽ ቤቶችም አሉ።

ስለ ሊጡ ግን ተጠንቀቂ። አረፋ ያወጣ፣ የሚኮመጥጥ ዕቃ ተከድኖ ያየች እመቤት መጠጥ የምትጠምቂ ሊመስላት ይችላል። በዓረብኛ ኸሚራ እርሾ ነው፣ ኸምር ደግሞ አስካሪ መጠጥ ነው፤ አፍሽ ቢያዳልጥሽ ነገሩ ይበላሻል። ስለዚህ ዐጂን፣ ማለትም ሊጥ፣ ወይም እንደ ላሆህ ያለ ነው በዪ፤ በክዳኑም ላይ በዓረብኛ አስጽፊበት። ጠላና ጠጅን ግን ለበዓልም ቢሆን አታስቢ፤ ወህኒና ከአገር መባረር ያስከትላል። ጫትም እንዲሁ ነው። ብርዝ ከወደድሽ የዕለቱን በዕለቱ ጨርሺው፤ ካደረ ይፈላል።

በጾም ወራት

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን ገቡ። እንዲህ ባለው ወር የቤቱ ሰው የሚያፈጥርበት ሰዓት የአንቺ ትልቁ የሥራ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የራስሽን ምግብ አስቀድመሽ ካላዘጋጀሽ ሌሊት ዳቦና ሻይ ላይ ትወድቂያለሽ። ፉል፣ ምስር፣ ባሚያ፣ ተምር ጾም የሚይዙ፣ በየቤቱ የማይጠፉ ናቸው። ጎመን ስታጪ ሲልቅ የሚሉትን ቅጠል ግዢ። ጠሒና የሰሊጥ ልት ነውና በውኃና በሎሚ አቅጥነሽ እንጀራ ፈትፍቺበት፤ ሱፍ ፍትፍትን ያስታውሳል። ምስርና ሽምብራ ለደም የሚረዳ ብረት አላቸው፤ ሎሚ ጥቅሙን ይጨምራል፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ግን ያጎድለዋል። ሻይሽን ቢያንስ አንድ ሰዓት አዘግዪው። የሚያዞርሽና ልብሽን የሚመታሽ ከሆነ ግን ምግብ ብቻ አይበቃም፤ ሐኪም ጋ ውሰዱኝ በዪ።

ከአገር ቤት የሚላክ ነገር ሲኖርም አስተውለሽ ምረጪ። እሳት የማይጠይቀው በሶ ከሁሉ ይመረጣል፤ ውኃና ጨው ወይም ስኳር ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ምድጃ ባልተፈቀደበት ቤት ያለች እኅት ትጠግብበታለች። ድርቆሽም ሳይበላሽ ይቆያል፤ ከፍሪዘር ካወጣሽው ቁሌት ጋር ፍርፍር ይሆናል።

ለውይይት

ዓርብ ስትገናኙ ወይም በስልክ ስትጨዋወቱ እነዚህን ተጠያየቁ። እናትሽ ብቻ የምትሠራው፣ በሌላ አገር ያልቀመስሽው ምግብ ምንድን ነው? ስልጆ ነው፣ ጭኮ ነው፣ ጥሕሎ ነው? አሠራሩን ከመጀመሪያው ታውቂዋለሽ? ካላወቅሽ በዚህ ሳምንት ደውለሽ ጠይቂያትና ስትናገር ድምፅዋን ቅጂ፤ «በዓይንሽ እየው» ስትልሽ «ስንት ማንኪያ ይሆናል? እሳቱስ ምን ያህል?» በያት። በአካባቢያችሁ ምድጃ ያልተፈቀደላት እኅት አለች? የዓርብ ማዕዳችሁ እንዴት ይደርሳታል?