ስለ ብራውዘር ቀዳዳና ከመረብ ርቀው ስለ ቆዩ ኮምፒዩተሮች የተሰጠ ትምህርት

በላሊበላና በላስታ ደጋ ለምትገኙ ክቡራን አስተዳዳሪዎች፣ ባለይዞታዎችና የወረዳ ሹማምንት ይህን ትምህርት ማቅረባችን የማዳበሪያው ዕደላ፣ የእርሻ ይዞታው መዝገብና የሴፍቲኔቱ ስም ዝርዝር ዛሬ በኮምፒዩተር ስለሚጻፍ ነው።

ብራውዘር ማለት እንደ ክሮም፣ እንደ ፋየርፎክስና እንደ ኤጅ ያለ የኢንተርኔት ገጽ የሚነበብበት ፕሮግራም ነው። በጳጉሜን 1 ቀን 2015 ዓ.ም. የአፕል ባለሙያዎችና በካናዳ አገር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ፣ ዌብፒ የሚባለውን የሥዕል ዓይነት በሚፈታው የብራውዘር ክፍል ቀዳዳ መኖሩን ለጎግል አስታወቁ።

ነገሩ በምሳሌ ሲገለጥ እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ አሥር ኩንታል ገብስ የሚይዝ ጎታ አዘጋጅቶ ሳለ፣ አምጪው አሥር ነው ብሎ አሥራ አምስት ቢገለብጥበት፣ ሰፍሮ የሚቀበል ከሌለ ትርፉ ፈስሶ ከአጠገቡ ካለው የዘር ጎታ ይገባል። ኮምፒዩተሩም ለሥዕሉ ያዘጋጀው ስፍራ ሞልቶ ሲፈስ ትርፉ ሊነካ ከማይገባው ስፍራ ይደርሳል፤ ተንኰለኛው በሥዕሉ ውስጥ የሸሸገው ቃልም እንደ ባለቤቱ ትእዛዝ ሊፈጸም ይችላል። ለዚህም አንባቢው ክፉውን ገጽ መክፈቱ ብቻ ይበቃል።

ጎግል በጳጉሜን 6 ቀን መጠገኛውን አወጣ፤ ቀዳዳውን ለጥቃት የሚጠቀሙበት መኖራቸውንም አልሸሸገም። ፋየርፎክስ በማግሥቱ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ተከተለ።

የእኛ አገር ችግር ግን ከዚህ ላይ ይጀምራል። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜም መብራትና ስልክ ጠፍቶ ነበር። መጠገኛ የሚመጣው በመረብ ነውና፣ ሌላው ዓለም በአዲስ ዓመት ቀዳዳውን ሲደፍን፣ በሞባይል መሥመር ብቻ የሚሠራው ኮምፒዩተር እንደ ነበረ ቀረ። መረቡ በጠፋበት ወራት በዚህ በር የሚገባ ሌባ የለም፤ አደጋው መሥመሩ የተመለሰ ዕለት ነው፤ ሰው ሁሉ በናፍቆት ወደ መልእክቱና ወደ ወሬው ይሮጣልና።

ስለዚህ እንዲህ ባለ ቀን ማንኛውም ገጽ ከመከፈቱ በፊት ጸሐፊው በክሮም ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ፣ እገዛ ከሚለው ገብቶ፣ ስለ ጎግል ክሮም የሚለውን ይክፈት። በኮምፒዩተር ላይ ቁጥሩ ከ116.0.5845.187 ቢያንስ ያ ቀዳዳ አልተደፈነም። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ቀዳዳዎች ተገኝተዋልና በዚህ ቁጥር ሳይቆም እስከ መጨረሻው ያድርሰው። መጠገኛው ወርዶ ሳለ ብራውዘሩ ተዘግቶ እንደ ገና ካልተከፈተ አይሠራም። ገጾቹን ሁሉ ከፍቶ ሳምንት የሚያቆይ ጸሐፊ ይህን ልብ ይበል።

ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አሮጌ ኮምፒዩተር ያላችሁ ደግሞ፣ ክሮም ለእርሱ በቁጥር 109 እንደ ቆመ ዕወቁ፤ ፋየርፎክስ ግን በዚያን ጊዜ ይህን መጠገኛ ለዊንዶውስ 7 ጭምር አውጥቶ ነበር። በእንዲህ ያለው ኮምፒዩተር የይዞታ መዝገብ እየጻፉ በዚያው ኢንተርኔት መክፈት አይገባም።

መሥመር ለማይደርስበት ቀበሌ፣ ከተማ ያለው ባለሙያ ሙሉውን መጫኛ ከጎግል ወይም ከፋየርፎክስ ባለቤት ከሞዚላ ገጽ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ይላክ። ከገበያ ወይም ከወዳጅ ስልክ የተቀዳ መጫኛ አይወሰድ፤ ፍላሹ ራሱ በሽታ አመላላሽ ሊሆን ይችላልና።

ስርቆት የተጠረጠረ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩን ከመሥመር ነቅሎ፣ ምንም ሳይደመስሱ፣ የታየውን ነገር ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጽፎ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ማስታወቅ ነው።