ጆሮህ ቢደፈን ማስኩን አትጣል
(ለእህቴ ልጅ የተጻፈ ምክር)

ልጄ፣ በሲፓፕ ማሽን መተኛት ከጀመርክ ወዲህ ጆሮህ እየተደፈነ፣ ግንባርህና ጉንጭህም እየከበደህ እንደሆነ እናትህ ነገረችኝ። ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ልትከተው ማሰብህንም ሰማሁ። እኔም በዚሁ ማሽን የምተኛ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርህ። አንብበውና ከሐኪምህ ጋር ተነጋገርበት።

1. ከሁሉ በፊት ማሽኑን የመተው ሐሳብ ከልብህ ይውጣ። ያለ እሱ ስትተኛ ጉሮሮህ እየተዘጋ ትንፋሽህ ይቆራረጣል። በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐኪሞች ከባድ ይሉታል። የደም ግፊት ይከተላል፤ ቀን ደግሞ እንቅልፍ መሪ ላይ ይጥልሃል፣ አንተ ደግሞ እንጀራህ መንዳት ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን ሕክምና ለዓለም ሲያስተዋውቅ ዘዴው ግልጽ ነበር፤ በአፍንጫ በኩል መጠነኛ ግፊት ያለው አየር እያስገቡ ጉሮሮው ክፍት ሆኖ እንዲያድር ማድረግ። ዛሬ ማሽኑ አንሷል፣ ጩኸቱም ቀንሷል፤ የአየሩ ዋና መንገድ ግን ያው አፍንጫ ነው። ስለዚህ አፍንጫህ ሲታመም ሕክምናህም አብሮ ይታመማል። የጆሮውም፣ ግንባርህንና ጉንጭህን የሚያከብደው የሳይነሱም ጣጣ በብዛት የሚጀምረው ከዚያው ነው።

2. ጆሮህ ለምን እንደሚደፈን እወቅ፤ ያላወቁት ነገር ያስፈራል። ከአፍንጫ በስተ ጀርባ ተነስቶ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ኢስታኪያን ቱቦ ይባላል፣ በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፤ ስንውጥና ስናዛጋ ይከፈታል። ማሽኑ የሚገፋው አየር በዚህ ቱቦ ሽቅብ ሲገባ ጆሮህ ጧ ይላል፤ አውሮፕላን ቦሌ ሊያርፍ ዝቅ ሲል እንደሚሰማህ ያለ ነው። የማሽኑ ግፊት በውሃ ከፍታ ሲለካ ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጤነኛ የጆሮ ታምቡር ለመቅደድ በጣም ትንሽ ነው። ችግሩ የሚብሰው በጉንፋን ወይም በአለርጂ ምክንያት የቱቦው አፍ ሲያብጥና አየሩ እንደ ልብ መግባትና መውጣት ሲያቅተው ነው።

ጠዋት ስትነሳ ምራቅህን ዋጥ፣ አዛጋ፣ ማስቲካ አኝክ። ካልተከፈተ አፍንጫህን በጣትህ ይዘህ አንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥ። አፍንጫን ይዞ በኃይል መንፋት ግን ተው፤ በተለይ ጉንፋን ይዞህ ሳለ ንፍጡን ወደ ጆሮህ ትገፋዋለህ። ማታ ራስህን ከፍ አድርገህ ተኛ። ራምፕ የሚባለው፣ ግፊቱን ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚያሳድገው ቅንብር መከፈቱን አረጋግጥ፤ ወደ ውጭ ስትተነፍስ ግፊቱን የሚያላላም አለ። ዋናውን የግፊት መጠን ግን ጓደኛ ስለነገረህ አትነካካው። ማሽኑ የየሌሊቱን መረጃ ይመዘግባልና ሐኪምህ አይቶ ይቀንስልህ ወይም ይቀይርልህ።

3. አሁን የምነግርህን አጥብቀህ ያዝ፤ እርጥበት። አፍንጫ አየሩን የሚያሞቅና የሚያረጥብ የሰውነት ክፍል ነው። ወደ ውስጥ ስንተነፍስ የሰጠውን እርጥበት ወደ ውጭ ስንተነፍስ ከፊሉን መልሶ ይቀበላል። አንተ ግን አፍህን ከፍተህ ስትተኛ ማሽኑ በአፍንጫህ ያስገባው አየር በአፍህ ሾልኮ ይወጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይነፍሳል። አፍንጫህ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይታፈናል፣ ሲታፈን አፍህን ይበልጥ ትከፍታለህ። የሳይነስህም መፍሰሻ በዚሁ እብጠት ይጠባል። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ክረምት ሲገባና የቤቱ ማሞቂያ ሲለኮስ ደግሞ አየሩ ጨርሶ ደረቅ ይሆናል።

መፍትሔው ሂዩሚዲፋየር የሚባለው፣ ውሃውን የሚያሞቀው ክፍል ነው። በአንድ ደረጃ ጨምረህ ጥቂት ሌሊት ሞክረው፣ ካልበቃህ ደግሞ ጨምር። በማሽኑ የአየር ቱቦ ውስጥ ውሃ እየተጠራቀመ ፊትህ ላይ ከተንጠባጠበ፣ ማሽኑን ከአልጋው ዝቅ አድርገው፣ ቱቦውንም ብርድ ልብስ ሥር አሳልፈው፤ የሚሞቅ ቱቦ ካገኘህ የበለጠ ነው። አፍህ አልዘጋ ካለ ስለ አገጭ ማሰሪያ ወይም አፍና አፍንጫን አንድ ላይ ስለሚሸፍነው ማስክ ጠይቅ። ብዙ አቅራቢዎች በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ማስክ ይለውጣሉ፤ አትፈር፣ ጠይቅ።

ውሃው ዲስቲልድ ይሁን፣ በየቀኑም ይለወጥ። ከውሃው በቀር ምንም አትጨምርበት። ጉንፋን ሲይዘን በባሕር ዛፍ ቅጠል እየታጠንን ያደግን ሰዎች ነንና ዘይቱን ጠብ ላድርግ ትል ይሆናል። አታድርግ። ማሽኑን ያበላሻል፣ ሌሊቱን ሙሉም ሳንባህን ሲያስቆጣ ያድራል። ጆሮ ውስጥም ጤና አዳም ወይም ዘይት አታፍስ፤ ታምቡሩ ደህና መሆኑን ሳታውቅ የሚፈስ ነገር ሁሉ አደጋ አለው።

4. አፍንጫህን በጨው ውሃ እጠብ። አዮዲን የሌለው ጨው 3 የሻይ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ሶዳ 1 የሻይ ማንኪያ ቀላቅለህ በደረቅ ዕቃ አስቀምጥ፤ ከዚህ 1 የሻይ ማንኪያ ወስደህ በ240 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ፍታ። ውሃው ዲስቲልድ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ከቧንቧ በቀጥታ አይሆንም፤ በውሃ ውስጥ የሚኖር ኔግሌሪያ የተባለ አሜባ በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን በመብላት ሰው ገድሏል፤ ያልፈላ ውሃ አፍንጫ ውስጥ በማፍሰስ የመጣ ሞት ተመዝግቧል። እዚህ 1 ደቂቃ ማፍላት ይበቃል፤ እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ግን ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ አፍላው። ስታጥብ በአፍህ ተንፍስ፣ የማጠቢያውን ጠርሙስ ቀስ ብለህ ጨመቅ አድርግ። ውሃው ወርዶ እንዲያልቅ ከመኝታህ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም በል።

5. ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ሁሉ ለአንተ ደህና ነው ማለት አይደለም። አፍንጫን ወዲያው የሚከፍተው ኦክሲሜታዞሊን ከ3 ቀን በላይ አይወሰድም፤ ካለፈ መልሶ ይዘጋል። አፍንጫ ለመክፈት የሚዋጠው ሱዶኤፌድሪን የደም ግፊት ይጨምራል። እንደ ፍሉቲካዞን ያለው የስቴሮይድ መርጨት ለአለርጂ ይረዳል፤ ሥራው ግን ቀናት ይፈጃል፣ በሁለተኛው ቀን ተስፋ አትቁረጥ።

6. መኝታ ቤትህ ውስጥ እጣን አታጭስ። ማሽኑ የሚስበው የክፍሉን አየር ነው። ቡናው ሳሎን ይፈላ። ማጣሪያውን በጊዜው ቀይር፣ ማስኩን በለብታ ውሃና በቀላል ሳሙና እጠብ። በኦዞን ያጸዳሉ የሚባሉትን መሣሪያዎች አትግዛ።

7. ጉንፋን በርትቶብህ ጨርሶ መተንፈስ ካቃተህ ለክሊኒክህ ደውል፤ አንድ ሁለት ሌሊት ከማሽኑ ብታርፍ በጎንህ፣ ራስህን ከፍ አድርገህ ተኛ። ጠጅም አረቄም አትቅመስ። እንቅልፍህ ካልወጣልህ በማግሥቱ አትንዳ። ኢንሹራንስን በተመለከተ፣ የአሜሪካ መንግሥት ኢንሹራንስ የሆነው ሜዲኬር በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ በተከታታይ 30 ቀናት ከሌሊቶቹ 70 በመቶውን ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀምህን ያያል፤ ብዙ የግል ኢንሹራንሶችም ይህንኑ ይከተላሉ። ስለዚህ ችግርህ በሐኪም መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ዝም ብለህ ካቆምክ ማሽኑን ሊወስዱብህ ይችላሉ።

8. አሁን ደግሞ የማይታገሡትን ልንገርህ። አንድ ጆሮህ በድንገት መስማት ካቆመ በዚያው ቀን ሂድ፤ ሕክምናው የሚሠራው በቶሎ ሲጀመር ነው። ከጆሮህ ደም ወይም መግል ከወጣ፣ ቤቱ ከዞረብህ፣ ዓይንህ ዙሪያ ካበጠ፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ አትጠብቅ። የሳይነስ ሕመም 10 ቀን አልፎ ካልቀነሰ፣ ወይም ተሽሎህ ከባሰ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ይይህ። ጆሮህን ወይም አፍንጫህን ኦፕራሲዮን የምትደረግ ከሆነም ሲፓፕ እንደምትጠቀም ለሐኪሙ አስቀድመህ ተናገር፤ መቼ እንደምታቆምና መቼ እንደምትቀጥል የሚወስነው እሱ ነው።

ነገ ጠዋት ለክሊኒኩ ደውለህ ቀጠሮ ያዝ፣ ያሉህንም ንገረኝ። ዛሬ ማታ ግን የውሃውን ሙቀት አንድ ደረጃ ጨምርና ማስክህን አድርገህ ተኛ።