ትምህርት፦ ድንጋዩ ከቦታው ሳይነሣ

ኢያሱ ከዮርዳኖስ የወጡትን ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች በጌልገላ ያቆማቸው፣ ልጆች አይተው አባቶቻቸውን እንዲጠይቁ ነው። ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ግን ጥያቄ አያስነሣም።

ከደጀን በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ለሚጓዝ፣ በእነብሴ ሳር ምድር የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ግንብ ይገኛል። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሠሩት፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን እንደገና ሠሩበት። ዛሬ ጣሪያ በሌለው ቅጥር ላይ የተፈለፈለው አበባና ሐረግ ይታያል። ከዚህ የወደቀ አንድ ጥርብ ድንጋይ ለአዲስ አጥር ቢውል፣ የንግሥቲቱ ይሁን የኋለኞቹ መለየት እጅግ ያዳግታል።

ለበጎ ታስቦ የሚለሰን ሲሚንቶም ይጎዳል። በኖራ የተሠራ ግንብ እርጥበቱን በመጋጠሚያው ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። ውኃው በድንጋዩ በኩል መውጫ ሲፈልግ ፊቱን እየላጠ ቅርጹን ያጠፋል። (ሲሚንቶውን ለማስለቀቅ መሞከርም ድንጋዩን ይሰብራል።)

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገን የባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያገኘም ሰው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያችን ኮሚቴዎች ለአጥር፣ ለመጸዳጃ ቤት ወይም ለውኃ ቧንቧ ሲያስቆፍሩ ጥርብ ድንጋይ ወይም የሸክላ ስባሪ ቢወጣ፣ ቁፋሮውን ያስቁሙ፤ ሳያነሡ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያስታውቁ። ይህንንም ዶማ ከመነሣቱ በፊት ለቆፋሪዎቹ ይንገሩ፤ የቧንቧን መሥመር ማዞር የሚያስወጣው ጥቂት ሜትር ቧንቧ ነው።