እንሰትን በጄል ምስል ማወዳደር

በወላይታ እንሰት የሚራባው በአብዛኛው በዘር ሳይሆን ከአሚቾው በሚያቆጠቁጡ ችግኞች ነው። ችግኙ ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲሻገር ስሙ ሊለወጥ ይችላል። በተበላ አካባቢ በአንድ ስም የሚታወቅ ተክል በአረካ ዙሪያ በሌላ ስም ቢጠራ፣ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ጥያቄው የስም ብቻ አይደለም። ተመሳሳይ ናቸው ብለን አንዱን ከምርምር ማሳ ብንነቅል፣ ምናልባት የአጠውልግ በሽታን የሚቋቋመውን ለዘለቄታው ልናጣ እንችላለን።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የአልማዝ ነጋሽና የባልደረቦቻቸው ጥናት፣ ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 146 የእንሰት ክሎኖችን በዲኤንኤ መርምሯል፤ 58ቱም እርስ በርስ ተመሳሳይ ሆነው በ21 ቡድን ተመድበዋል። ለመሆኑ የዲኤንኤ ንጽጽር እንዴት ይከናወናል?

የዲኤንኤ ቁርጥራጮች በጄል ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው፣ ኔጋቲቭ ሙል ስላላቸው ወደ ፖዘቲቩ ኤሌክትሮድ ይጓዛሉ። አጫጭሮቹ ይቀድማሉ፤ ረጃጅሞቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ጄሉ ቀለም ነክሮ ሲታይ እንደ መሰላል እርከን የተደረደሩት መስመሮች ባንድ ይባላሉ።

ለኮምፒውተር ግን የጄሉ ፎቶግራፍ የቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። በ8 ቢት ምስል የእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይገለጻል። ፕሮግራሙ የየናሙናውን ዓምድ ለይቶ በስፋቱ አማካይ ሲወስድ፣ ባንዶቹ የግራፍ ጫፎች ሆነው ይወጣሉ። ከዚያም የጀርባውን ብርሃን ይቀንሳል፤ ርዝመታቸው አስቀድሞ ከታወቀ ቁርጥራጮች ጋር አስተያይቶም የእያንዳንዱን ባንድ ርዝመት ያሰላል። ለስሌቱ የሚረዳው፣ በተወሰነ ክልል ውስጥ የጉዞው ርቀትና የርዝመቱ ሎጋሪዝም በግምት በቀጥታ መስመር መገናኘታቸው ነው።

የጋራ ባንዶችን ቁጥር በ2 አባዝተን ለሁለቱ ናሙናዎች ባንዶች ድምር ስናካፍል የዳይስን የተመሳሳይነት መለኪያ እናገኛለን። 12 እና 13 ባንድ ያላቸው ክሎኖች 10 ባንድ ቢጋሩ፣ 20 ለ25 ሲካፈል 0.80 ይሆናል።

ይሁንና ሁለት ባንዶች ምን ያህል ቢቀራረቡ አንድ ይባሉ የሚለውን የሚወስነው ተመራማሪው ነው። ወሰኑ ሲሰፋ የተለያዩት ይዋሃዳሉ፤ ሲጠብ አንዱ ሁለት ይመስላል። መፍትሔው የአንዱን ተክል ዲኤንኤ ሁለት ጊዜ አውጥቶ ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። ውጤቱ 0.95 ከሆነ፣ በሁለት ክሎኖች መካከል የተገኘ 0.96 ልዩነት መኖሩን አያረጋግጥም። 1.00 ቢገኝ እንኳ የተመሳሰሉት የታዩት ባንዶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከመንቀል በፊት ተክሉን በማሳ ማየት፣ ስሙን የሰጠውንም ገበሬ መጠየቅ ይገባናል።