ከእንጦጦ ጎረቤት የተገኘ በገና

በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ ተቀምጠው የሚደረድሩት የኢትዮጵያ መንፈሳዊ የዜማ መሣሪያ ሲሆን፣ ወደ ቅዳሴና ወደ ማኅሌት ሳይገባ በጾም ወራት፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም፣ በየቤቱ ለጸሎት፣ ለንስሐና ለተመስጦ ሲያገለግል የኖረ ነው። ይህ የጓዳ ዜማ ባሕር ተሻግሮ የሩቅ አገር አድማጭ ያገኘበትን መንገድ ለማስረዳት፣ ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ በአንድ አረጋዊ የዜማ መምህርና በአንድ ወጣት ጠያቂ ምልልስ መልክ ቀርቧል። ሁለቱ ከየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው የባሕር ዛፍ መንገድ ላይ ቀስ እያሉ እንደሚወጡ ይታሰብ፤ ቦታው የተመረጠው የነገሩ መነሻ ያው ኮረብታ ስለ ሆነ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቱ፦ አባቴ፣ የሀገር ዜማ በውጭ አገር ጆሮ የሚያገኘው በዘመናዊ መሣሪያ ታጅቦ፣ ርዝመቱ አጥሮ፣ ምቱ ፈጥኖ ሲቀርብ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ እንደዚያ ነውን?

አረጋዊው፦ አይደለም ልጄ፤ እንደዚያ አለመሆኑንም ሩቅ ሳይኬድ ከዚሁ ዳገት ላይ ማየት ይቻላል። የበገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በ1950 የተወለዱት እዚሁ እንጦጦ ነው። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ የበገና ሊቅ የቤተሰቡ ጎረቤት ሆነው መጡ፤ ልጁም ከእርሳቸው ዘንድ ድርደራውን ተማረ። ኋላ በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ጂኦግራፊ ቢሆንም፣ በ1972 በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገና መምህር ሆኑ። ሲንቲያ ኪምበርሊን የተባሉ አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ የቀረጹት ድምፃቸውም ዩኔስኮ ባሳተመው የዓለም ሕዝቦች ዜማ ስብስብ ውስጥ ገባ። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁትና ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፓሪስ አሳታሚ በሚያወጣው «ኢትዮፒክ» በተሰኘው ተከታታይ የዲስክ ስብስብ ውስጥ፣ ዐሥራ አንደኛው ቅጽ በሙሉ ለእርሳቸው በገና ተሰጠ። በዚያ ቅጽ ከበሮ የለም፣ ጊታር የለም፣ አጃቢ የለም፤ ያለው አንድ ሰው ከአንድ በገና ጋር ነው። ምቱ አልፈጠነም፣ ጸሎቱም አላጠረም፤ ሆኖም አማርኛ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ዝም ብሎ አዳመጠው።

ወጣቱ፦ እንግዲያው በገናን ለዓለም ያበቁት የውጭ ተመራማሪዎችና አሳታሚዎች ናቸው ማለት ነው?

አረጋዊው፦ እነርሱ ያደረሱት ተጠብቆ የቆየውን ነው፤ ድካማቸውም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ሰው የሚስተው የጎረቤቱን ነገር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ አቋቋምና ትርጓሜ እያንዳንዳቸው ጉባኤ ቤት፣ መምህርና ማስመስከሪያ ሲኖራቸው፣ በገና እንዲህ ያለ የታወቀ ጉባኤ ቤት አልነበረውም። ቅኔ የተጠማ ተማሪ ጎጃም ወይም ዋድላ ይወርዳል፤ በገና የወደደ ልጅ ግን ወዴት ይሄዳል? መሣሪያው በመኳንንትና በአዛውንት ቤት፣ በመነኮሳትና በደጋግ ሰዎች ዘንድ የሚገኝ ስለ ነበር፣ የሚወረሰው ሲያዩና ሲሰሙ በመዋል ነው። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደ ነበር ይነገራል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1889 የነገሡትም በዚህ ተራራ በእንጦጦ ማርያም ነውና፣ ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ከወረደ በኋላ እንኳ በዚህ ደጋ የበገና ድምፅ እንግዳ አልነበረም። እንዲህ ያለ ትምህርት በአንድ ትውልድ ውስጥ ሰሚ ልጅ ቢያጣ ይቋረጣል፤ ማስመስከሪያ የለውምና መቋረጡንም ልብ የሚል አይገኝም። አለቃ ተሰማ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራይተው ቢሆን ኖሮ የፓሪሱ አሳታሚ በዚያ ቅጽ ምን ባሳተመ ነበር? የደርግ ዘመን መጥቶ መንፈሳዊው ዜማ ከሬዲዮ ሲርቅና የበገና ትምህርት ሲዳከምም፣ ነገሩን ያቆየው ይኸው የቤት ውስጥ ውርስ ነው።

ወጣቱ፦ ዲስኩ በውጭ አገር የወጣበት ስም ግን «የንጉሥ ዳዊት ሃርፕ» የሚል ነው። ስሙ የሚያስከብር አይደለምን?

አረጋዊው፦ የዳዊት ስም ያስከብራል፤ ሃርፕ የሚለው ቃል ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የአንድ አሳታሚ ሳይሆን የብዙ መቶ ዓመታት ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጎ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሃርፕ የሚባለው የአውሮፓ መሣሪያ አንድ ጎባጣ አንገት ያለው ሲሆን፣ አውታሮቹ ከድምፅ ሣጥኑ ገጽ ተነሥተው ሽቅብ ወደ አንገቱ ይወጣሉ እንጂ በሣጥኑ ላይ ተጋድመው አይሄዱም። በገና ግን ሌላ ነው። ከታች ገበቴ የሚባል በቆዳ የተለበጠ ሣጥን አለው፤ ከገበቴው ሁለት ምሰሶዎች ይወጣሉ፤ በምሰሶዎቹ ጫፍ ቀንበር ተጋድሞ ይያያዛል፤ ከበግ አንጀት የተፈተሉት አውታሮች ከገበቴው ሥር ተነሥተው፣ በቆዳው ላይ በቆመው በርኩማ ተሻግረው፣ ወደ ቀንበሩ ይወጣሉ። እንዲህ ዓይነቱን መሣሪያ አውሮፓውያን ራሳቸው የሚጠሩት ላየር ብለው ነው። ክራርም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው፤ ልዩነቱ ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ድምፅ ማጉሊያው ክብ የሆነና ለዘፈን የሚውል መሆኑ ነው፤ ለዚህም ነው አማርኛው ክራር ይመታል፣ በገና ይደረደራል ብሎ ግሡን እንኳ የለየው።

ይህ የመሣሪያ ቤተ ሰብ እጅግ ጥንታዊ ነው። ሌናርድ ዉሊ የተባሉ እንግሊዛዊ የቅርስ ቁፋሮ ሊቅ በ1920ዎቹ በደቡብ ኢራቅ፣ በዑር ከተማ መቃብሮች ውስጥ ያገኟቸው በወርቅ የበሬ ራስ ያጌጡ መሣሪያዎች ዕድሜያቸው ወደ 4,500 ዓመት ሲሆን፣ አሠራራቸው ሁለት ክንድና አንድ ቀንበር ነው። የግሪኮቹ ኪታራ ያው ነው። ዳዊት በሳኦል ፊት የደረደረው፣ በዕብራይስጡ ኪኖር የተባለው መሣሪያም ከዚሁ ወገን እንደ ሆነ የዘርፉ ሊቃውንት ይስማማሉ። በ1611 የወጣው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ ግን ኪኖርን ሃርፕ ብሎ ተረጎመው፤ ሠዓሊዎቻቸውም ዳዊትን የእነርሱን ሃርፕ አስይዘው ሣሉት። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ቦታ በገና ብሎ ስለ ተረጎመ፣ ለዕብራይስጡ የሚቀርበው የአማርኛው ቃል ነው። እንግዲህ እውነተኛውን መሣሪያ በእጁ የያዘው ሕዝብ፣ መሣሪያውን በረሳው ሕዝብ ስም እንዲጠራው ሆነ ማለት ነው። ስሕተቱ በዚያ አላበቃም፤ በእንግሊዝኛና በአማርኛ መዛግብተ ቃላት ሃርፕ ማለት በገና ነው ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ ተማሪው በትምህርት ቤት አጥንቶት የገዛ ሀገሩን መሣሪያ በሌላ መልክ ያስበዋል። ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በገና ሃርፕ ከተባለ ዝምድናው ይጠፋል፤ ከሱዳን ጠንቡራ፣ ከኬንያ ሉዎዎች ኛቲቲ፣ ከኡጋንዳ እንዶንጎ ጋር ያለው ወንድማማችነት አይታይም፤ በአውሮፓ ከሕዝብ እጅ የወጣ ጥንታዊ ቤተ ሰብ በምሥራቅ አፍሪካ በሕይወት መኖሩም አይታወቅም። የዜማው ዓለም አቀፍ ክብር ከዚህ መጀመር ነበረበት፤ በገና በገና ተብሎ ቢጻፍ የሚጎዳ አንድም ሰው የለም፤ ሕንዶች ሲታርን ሲታር፣ ጃፓኖች ኮቶን ኮቶ ብለው ለዓለም አስለምደዋልና።

ወጣቱ፦ ሕንዶች ከተነሡ ዘንድ፣ የእነርሱ የባላገርና የሱፊ ዘማሪዎች በዓለም የታወቁት እንዴት ነው?

አረጋዊው፦ የሱፊ ሥርዓት ማለት በእስልምና ውስጥ በዝክር፣ በግጥምና በዜማ ወደ ፈጣሪ መቅረብን የሚሻ መንገድ ነው። በሕንድና በፓኪስታን ቀዋሊ የተባለው የዚህ መንገድ ዜማ ከዴልሂው ባለቅኔ ከአሚር ኹስሮ ስም ጋር ይያያዛል፤ ኹስሮ ያረፉት በ1325 ነው። ፓኪስታናዊው የቀዋሊ ዘማሪ ኑስራት ፈትህ ዓሊ ኻን በ1985 በእንግሊዝ አገር ዎማድ በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ሲያዜሙ የቀረቡት ከቤተ ሰባቸው ጋር ሆነው፣ በሃርሞኒየም፣ በጠብላና በጭብጨባ፣ አባቶቻቸው ባቆዩት ሥርዓት ነው፤ ከዘመናዊ ሙዚቃ ጋር የተቀላቀለው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በል። በተቃራኒው የቤንጋል ባውሎችን ተመልከት፤ ባውል አንድ አውታር ያለውን ኤክታራ ይዞ የሚዞር መንፈሳዊ ዘማሪ ነው። ሁለት ባውሎች በ1967 በአሜሪካዊው ዘፋኝ በቦብ ዲለን አልበም ልባስ ላይ አብረው ፎቶግራፍ ተነሥተው ታዩ፤ በአልበሙ ውስጥ ግን የባውል ዜማ የለም። መልካቸው ዓለምን ዞረ፤ ዜማቸው እዚያ አልተሰማም። ዩኔስኮ የባውልን ዜማ ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች አንዱ ብሎ ያወጀው በ2005 ነው።

ወጣቱ፦ የኢትዮጵያ ሱፊዎችስ?

አረጋዊው፦ የወሎ መንዙማ አለ፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በሥርዓት የተሰካ ስንኝ ማለት ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር በዐረብ ፊደል አማርኛ መንዙማ ደርሰዋል፤ በዘመናችን የሼህ መሐመድ አወል ሐምዛ ድምፅ በካሴት ከቤት ቤት ገብቷል። በሐድራ፣ ማለትም ለዝክርና ለዱዓ በሚሰበሰቡበት ጉባኤ፣ ድቤ እየተመታ ተቀባዩ በአንድ ድምፅ ሲመልስ የሰማ ሰው ቀዋሊን እንግዳ አይለውም። ለመንዙማም እንደ በገናው ሁሉ በሥርዓቱ ሙሉ ሆኖ የሚቀረጽበት ጊዜ ይገባዋል፤ በኅብር ትርዒት መካከል ሦስት ደቂቃ ብቻ ሲሰጠው ተቀባዩና ዱዓው ይቀሩና ከበሮው ብቻ ይተርፋል።

ወጣቱ፦ ቋንቋውን የማያውቅ የውጭ ሰው በበገና የሚማረከው በምኑ ይሆን?

አረጋዊው፦ በእንዚራው ነው። እንዚራ በበርኩማው ላይ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር የሚገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ አውታሩ ሲነካ በቆዳው ላይ እየተንዘረዘረ ስለሚርገበገብ፣ ከአንዱ ድምፅ ጋር ብዙ ረቂቃን ድምፆች አብረው ይወጣሉ፤ የበገና ጥልቅ እዝዝታ የሚባለው ይህ ነው። ለማያውቀው የተበላሸ መሣሪያ ይመስለዋል፤ ለሚያውቀው ግን ያለ እንዚራ በገና ድዳ ነው። ቤልጂጋዊቷ ተመራማሪ ስቴፋኒ ዌይሰር ስለዚህ ድምፅ ሰፊ ጥናት አድርገዋል። የሕንዱ ታንፑራም በዚሁ ጥበብ ይሠራል፤ እነርሱ ከአውታሩ ሥር የሚያስገቡት ቆዳ ሳይሆን የጥጥ ክር ነው። ሁለት የተራራቁ ሕዝቦች አንድ ዓይነት እዝዝታ ለጸሎትና ለተመስጦ መምረጣቸው ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው፤ ምናልባትም ጆሮ ቃል ከመለየቱ በፊት ወደ ጸጥታ የሚገባው በዚህ ዓይነቱ ድምፅ ይሆናል። በመድረክ ላይ ድምፁ ጠርቶ እንዲሰማ ብሎ እንዚራውን የሚያወጣ ቢገኝ፣ ያሻሻለ መስሎት ያጠፋዋል።

በዚህ ጊዜ መንገዱ ከባሕር ዛፉ ወጥቶ ከተማው ከታች ታየ፤ የየካ ሚካኤል ሰፈርና መገናኛ በጭጋግ ውስጥ ነበሩ። ወጣቱም ቆም ብሎ የመጨረሻውን ጥያቄ አቀረበ።

ወጣቱ፦ አባቴ፣ መማር የሚሻ ሰው ዐሥሩንም አውታር በአንድ ጊዜ መልመድ አለበት ማለት ነው?

አረጋዊው፦ የለበትም። ዐሥሩንም የሚደረድሩ መምህራን አሉ፤ ብዙዎቹ ግን በግራ እጃቸው የሚደረድሩት ስድስቱን ብቻ ነው፤ ዓለሙ አጋም እንደዚሁ ያደርጋሉ።

ወጣቱ፦ የቀሩት አራቱ ለምን ተወጠሩ?

አረጋዊው፦ ዐሥሩ አውታር የዐሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ ነው ይባላል፤ መዝሙረ ዳዊትም ዐሥር አውታር ያለውን በገና ያነሣል። የእጁን ሥራ የሚያውቅ ደርዳሪ ደግሞ ሌላም ይነግርሃል፤ አውታሩን ነክቶ የተመለሰ ጣት ድምፁ እስኪበርድ ድረስ የሚደገፍበት ያስፈልገዋልና፣ አራቱ የጣት ማረፊያ ናቸው።