የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ የነጋዴው መገናኛ እንዴት ሊጠበቅ እንደሚገባ

የዛሬ ንግድ ያለ ኢንተርኔት የማይራመድ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ፣ ባንኮችም ገንዘብን በስልክ ማዛወርን ካስፋፉ ወዲህ፣ ባለሱቁ የዕለት ሽያጩን፣ አስመጪው የባንክ ሰነዱን፣ ላኪውም ከባሕር ማዶ ደንበኛው የሚመጣለትን ስምምነት በዚሁ መንገድ ይቀበላል። ስለሆነም መብራት ሲጠፋ የሚጨልመው ክፍሉ ብቻ አይደለም። ገበያተኛው «ገንዘቡን ልኬአለሁ» ባለ ጊዜ፣ ባለሱቁ መድረሱን ሳያረጋግጥ ወይ ዕቃውን ያስረክባል፤ ወይ ደንበኛውን ባዶ እጁን ይመልሳል። በሁለቱም ጉዳት አለበት።

ብዙ ሰዎች መብራት ሲጠፋ መስመሩም አብሮ የተቋረጠ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ የቴሌኮም ጣቢያዎች መጠባበቂያ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ስላላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው በመደብሩ ውስጥ ያለው ራውተር ነው። ይህም ዕቃ የሚፈልገው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። በቻርጀሩ ላይ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ተብሎ ቢጻፍ፣ ሁለቱ ሲባዙ ቢበዛ 12 ዋት ይሆናል። በትንንሽ ዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ይህም ለ12 ሲካፈል 7 ሰዓት ነው። ነገር ግን ኃይሉ ወደ 220 ቮልት ሲለወጥ ከፊሉ ስለሚባክን፣ ባትሪውም ፈጽሞ ሊሟጠጥ ስለማይገባው፣ ጥንቁቅ ነጋዴ ግማሹን፣ ማለትም 3 ሰዓት ተኩል ብቻ ይቆጥራል። በዚሁ ዩፒኤስ ላይ ፕሪንተር ወይም ማቀዝቀዣ የሚሰካ ሰው ግን ይህን ጊዜ አያገኝም።

ለራውተር ተብሎ የተሠራው አነስተኛ ዩፒኤስ ኃይሉን ወደ 220 ሳይለውጥ በቀጥታ ስለሚሰጥ ብክነቱ ያነሰ ነው። ሆኖም ቮልቱ ከራውተሩ ጋር መስማማቱ አስቀድሞ ይመርመር፤ 9 ቮልት የሚፈልገው ዕቃ 12 ቮልት ቢሰጠው ሊቃጠል ይችላል። የፋይበር መስመር ያለውም ሰው የፋይበሩ መቀበያ ከራውተሩ የተለየ እንደ ሆነ ሁለቱንም በባትሪ ያሠራ።

የሞባይል ኢንተርኔት ጥሩ ረዳት ቢሆንም ብቻውን አያስተማምንም። አንድ የሞባይል ጣቢያ ያለውን አቅም ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ ያካፍላል፤ ሰፈሩ መብራት ሲያጣ በዋይፋይ ይሠራ የነበረው ሁሉ ወደ ሞባይል ስለሚዞር ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት፣ የሰነድ መጠን ግን በሜጋባይት ነው፤ 1 ሜጋባይትም 8 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ 20 ሜጋባይት የሆነ ሰነድ በሰከንድ 16 ሜጋቢት ፍጥነት በ10 ሰከንድ ሲደርስ፣ ፍጥነቱ ወደ 1 ሜጋቢት ቢወርድ 160 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህን ጊዜ ቪዲዮና ከባድ ፋይል ይቁም፤ ክፍያ ይቅደም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ስለ ጀመረ፣ ከኢትዮ ቴሌኮም ሲም ካርድ ጋር የእርሱንም መያዝ አንዱ ሲደክም ሌላውን ለመሞከር ያስችላል። ኢንተርኔቱ ጨርሶ ቢቋረጥም፣ የስልኩ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ቴሌብር በ*127# ይሠራል።

በመጨረሻም፣ ባትሪ በዕድሜው ስለሚደክም መፈተኑ አይዘንጋ። ገበያ በሌለበት ቀን ዩፒኤሱን ከሶኬት ነቅሎ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ መመዝገብ ይገባል። ድካሙ በዚያን ቀን ቢታወቅ የሚያስወጣው የአንድ ባትሪ ዋጋ ነው፤ በገበያ ቀን ቢታወቅ ግን የቀኑን ሽያጭ ይወስዳል።